ለካሜራችን አንድ ሌንስ ስለ መምረጥ

ገላባትና መተማ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የጠረፍ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ ጅረት አለ፤ በጅረቱም ላይ ድልድይ ተሠርቷል። ወዲህ ያለው ከተማ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በዚያ በተደረገው ጦርነት ስለ ወደቁ፣ መተማ ዮሐንስ ይባላል። ወዲያ ያለው ገላባት ነው፤ ከእርሱም አንድ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሰሊጥና ማሽላ የሚነገድበት ገዳሪፍ ይገኛል። እኛ ወደዚህ ስፍራ የሄድነው ለንግድ ወይም ለመንግሥት ሥራ አልነበረም፤ እናታችን እኅታቸውን እንዲያዩ ነበር።

አክስታችን፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን በትግርኛ «ሓትኖ» የምንላቸው፣ በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ከብዙ የትግራይ ሰዎች ጋር በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው በገዳሪፍ ኑሮ መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እኅትማማቾች ሳይተያዩ 33 ዓመት ሆናቸው። በ2010 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የሰሊጡ አጨዳ ሳያልቅ፣ በጠረፉ ላይ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። የመሻገሪያ ወረቀት ስላልነበረን፣ ጠባቂዎቹ በርኅራኄ በድልድዩ አጠገብ እንዲገናኙ ፈቀዱላቸው። እኛም ፎቶግራፍ ለማንሣት ብንጠይቅ፣ ድልድዩንና ኬላውን ሳንጨምር ዘመዶቻችንን ብቻ፣ ካመለከቱን ስፍራ ሳንነቃነቅ እንድናነሣ ተነገረን።

በዚያን ቀን በአንገታችን ያንጠለጠልነው ሚረርለስ፣ ማለትም በውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ ነበር። ይህ ዓይነት ካሜራ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ትንሽና ቀላል ስለ ሆነ ለመንገደኛ ይመቻል። ነገር ግን ሌንሱ በተነቀለ ጊዜ፣ በብዙዎቹ ካሜራዎች፣ ሥዕሉን የሚቀበለው ሴንሰር የተባለው ሰሌዳ ያለ መጋረጃ ለአቧራ ይጋለጣል። እኛም ሁለት ሌንሶች ይዘን ነበር፤ አንደኛው ከ16 እስከ 50 ሚሊ ሜትር፣ ለቅርብ፤ ሁለተኛው ከ55 እስከ 210 ሚሊ ሜትር፣ ለሩቅ።

አክስታችን ብቅ ሲሉ በካሜራው ላይ የነበረው የቅርቡ ነው። አሥራ አምስት ሜትር ያህል ርቀን ስለ ቆምን ፊታቸው አነሰብን፤ ስለዚህ የሩቁን ለመግጠም ቸኮልን። አንዱን ነቅለን ሌላውን ከቦርሳ ስንፈልግ አንድ የጭነት መኪና ዐለፈ፤ አቧራውም እንደ ጭስ ሸፈነን። ቀና ስንል ሁለቱ እኅትማማቾች ተቃቅፈው፣ አልቅሰው፣ ተላቀው፣ ዐይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ተቃቅፈው የቆሙበትን ሰዓት ጠባቂዎቹና ሾፌሮቹ አይተዋል፤ እኛ ልጃቸው ግን በዚያች ደቂቃ ቦርሳ ውስጥ እንመለከት ነበር።

አክስታችን በ2012 ዓ.ም. በገዳሪፍ ዐረፉ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በዚያ ትኖር የነበረችው ልጃቸው ቤቷን ትታ ወጣች፤ በሰኔም ወር በመተማ በኩል ገብታ አዲስ አበባ ቤታችን ደረሰች። ከእንግድነቷ ሁለተኛ ቀን በኋላ የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቷ ፎቶግራፍ። አውጥተን ሰጠናት። በነጩ ቶባቸው ላይ፣ ከጉንጫቸው አጠገብ፣ በሴንሰሩ ላይ ያረፈው አቧራ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ወጥቷል። እርሷም እድፍ መስሏት ወረቀቱን በጣቷ ደጋግማ ጠረገችው። ነጥቡን በኮምፒዩተር ማጥፋት ይቻላል፤ በኋላም አጠፋነው። ያልተነሣውን መተቃቀፍ ግን የሚመልስ መሣሪያ የለም።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ከካሜራው የማይወርድ አንድ ሌንስ ለመፈለግ ቆረጥን። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ፎቶግራፍ ያስተማሩን መምህር ርዝመቱ የማይለወጥ አንድ ሌንስ ብቻ ነበራቸው፤ «ሩቅ ቢሆንባችሁ በእግራችሁ ቅረቡ» ይሉን ነበር። ምክራቸው መልካም ነው። ሆኖም እግር የማይሄድበት ስፍራ እንዳለ በገላባት ተማርን። እንዲህ ባለ ቦታ ቀለበቱን በማዞር ብቻ ሩቁን የሚያቀርብ፣ ጠባቡን የሚያሰፋ ዙም ሌንስ ያስፈልጋል።

አንባቢም እንዲህ ያለውን ሌንስ ለመግዛት ቢያስብ፣ አስቀድሞ ለካሜራው የሚገጥም መሆኑን ይመርምር፤ የልዩ ልዩ ኩባንያዎች አገጣጠም ይለያያልና። ቀጥሎ የቀድሞ ሥዕሎቹን ይመልከት፤ ካሜራው እያንዳንዱ ሥዕል በስንት ሚሊ ሜትር እንደ ተነሣ ይመዘግባል። እኛ ይህን ብናደርግ፣ ቤተ ሰባችን አሳትሞ ያስቀመጣቸው ሥዕሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ70 ሚሊ ሜትር በታች ሆነው አገኘናቸው። እስከ 210 ለመድረስ የተሸከምነው ሌንስ ለወፍ እንጂ ለዘመድ አልጠቀመንም።

ሴንሰሩ ሙሉ መጠን ለሆነ ካሜራ፣ ሶኒና ካኖን የሚሠሩት ከ24 እስከ 105፣ ኒኮንም የሚሠራው ከ24 እስከ 120 የሆነው ሌንስ ለሁሉ ሥራ ይበቃል። የእኛ ካሜራ ሴንሰሩ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ቁጥሩ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ ስለዚህ ምርጫችን በሁለት ሌንሶች ላይ ወደቀ። አንደኛው ሶኒ በ2018 በአውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ከ18 እስከ 135 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው፤ ክብደቱ 325 ግራም ብቻ ነው፤ ነገር ግን በረዘመ ጊዜ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 5.6 ይጠባል። ሁለተኛው ታምሮን በ2021 ያወጣው ከ17 እስከ 70 የሆነው ነው፤ 525 ግራም ይመዝናል፤ ቀዳዳው ግን እስከ መጨረሻው ኤፍ 2.8 ሆኖ ይቆያል። ኤፍ 2.8 የሚያስገባው ብርሃን ኤፍ 5.6 ከሚያስገባው አራት እጥፍ ነው። እናቶቻችን የሚቀመጡት ከቤት ውስጥ ነውና፣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሁለቱም የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስታግሥ መሣሪያ አላቸው፤ ይህ መሣሪያ ግን የሚሮጥ ሕፃንን አያቆምም።

ባለቤታችን «ዳግመኛ ከሩቅ ብትቆሙስ?» ብላ ጠየቀች። ብናሰላው፣ በ70 ሚሊ ሜትር ከአሥራ አምስት ሜትር የቆመ ሰው የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ያህል ይይዛል። ይህን ስናውቅ አፈርን፤ በዚያን ቀን በካሜራው ላይ የነበረው በ50 ሚሊ ሜትርም ቢሆን አንድ ሦስተኛውን ይይዝ ነበርና፣ ዳር ዳሩን ቆርጦ ማተም በተቻለ ነበር። ያሳጣን የሌንሱ ማጠር ሳይሆን የእኛ መቸኮል ነው።

ስለዚህ ከ17 እስከ 70 የሆነውን፣ ጥቂት ወራት ቆጥበን፣ በሰው እጅ የቆየውን ገዛን። ከመግዛታችን በፊት ወደ ብርሃን አንሥተን በውስጡ ሻጋታ እንዳይኖር መረመርን፤ ቀለበቱንም አዙረን ሳያንቅ መሄዱን አየን። እርጥበትን እንዲከላከል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሆኖም የገዳሪፍ አቧራ ከዚህ የበረታ ስለ ሆነ፣ ከፊቱ መከላከያ መስታወት አደረግንለት፤ በጉዞም በጨርቅ እንጠቀልለዋለን።

የመጀመሪያውን ሥዕል ያነሣንበት በማታ ቡና ሲፈላ ነው። የአክስታችን ልጅ ጀበናውን ይዛ፣ እናታችን በርጩማ ላይ ሆነው፣ በ17 ሚሊ ሜትር ሁለቱንም ከነ ቤቱ አነሣን። እናታችን በድንገት የልጅቱን እጅ ይዘው «እጅሽ የእርሷ ነው» አሉ። ቀለበቱን ወደ 70 አዞርን። አንዱን እጅ በሌላው ላይ እንደ ተደረበ አገኘነው።

ያ ሥዕል ዛሬ ከገላባቱ ሥዕል አጠገብ ተሰቅሏል።