ከፈረሰኛው በስተኋላ

በአገራችን የቆየ ልማድ፣ ስመ ጥር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ብቻ አልነበረም፤ በፈረሱም ስም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ ተወድሰዋል፤ ተፎክሮላቸዋል። ፈረሱ የሰውየው ክብር፣ ሰውየውም የፈረሱ ጌታ ሆነው በአንድ ስም ታስረው ኖረዋል። ይሁን እንጂ ከዚያ ፈረስ በስተኋላ ሣር አጫጁ፣ ውኃ አጠጪው፣ ኮርቻ ሰፊውና ልጓሙን የቀጠቀጠው ባለእጅ ነበሩ። የእነዚህ ስም በፉከራው ውስጥ አይሰማም። ተረቱም «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል እንጂ ፈረሱን ራሱን ለመድረስ ማን እንዳበቃው አይነግረንም።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ እንዳስብበት ያደረገኝ የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ትልቅ የረጅም መንገድ ሞተር ብስክሌት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መሣሪያ የብቸኝነትና የነጻነት ምልክት አድርጎ ይመለከተዋል፤ አንድ ሰው፣ ሁለት ጎማ፣ ፊት ለፊት የተዘረጋ ጎዳና። እኔ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ይዤው ስጓዝ የተማርሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ ተሠርቶ ሳለ አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው የማይችለው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

መሣሪያው ሕዝቡ «ዶቅዶቄ» ከሚለው ቀላል ዓይነት ይለያል። ቢ ኤም ደብልዩ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ አቅርቦት እስከ 1987 ድረስ በርሊን ውስጥ የሠራው «አር 80 ጂ ኤስ» ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት በጀርመንኛ «ጥርጊያ የሌለው ምድር» እና «ጎዳና» ለሚሉት ቃላት የቆሙ ናቸው። ከዚያ በፊት ትልቅ ሞተር ለአስፋልት፣ ትንሽና ቀላል ሞተር ለጭቃና ለአሸዋ የተፈጠረ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ይህ መሣሪያ ሁለቱን በአንድ አካል ለማስታረቅ ሞከረ። ወደ 800 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚይዙት ሁለት ሲሊንደሮቹ እንደ ተዘረጉ ክንዶች ግራና ቀኝ ወጥተው ነፋስ ያበርዳቸዋል። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው እንደ ሌሎቹ ሰንሰለት ሳይሆን አቧራ በማይገባበት ቱቦ ውስጥ ዘይት ጠጥቶ የሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው። ከነነዳጁ 190 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጉልበቱም 50 የፈረስ ጉልበት ነው።

ይህ መሣሪያ ስሙን ያተረፈው በሰሐራ በረሃ ነው። በዚያ ዘመን ከፓሪስ ተነሥቶ ዳካር ይደርስ በነበረው ታላቅ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1981 በዚሁ ዓይነት ሞተር አንደኛ የወጣው ፈረንሳዊው ኡቤር ኦርዮል ሲሆን፣ በ1983 ድሉን ደግሞታል። ኦርዮል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1952 በእኛው አዲስ አበባ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ብዙ አይመስለኝም። በ1992 ደግሞ ያንኑ ውድድር በመኪና አሸንፎ፣ በሁለቱም ዘርፍ ለማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2021 ሲያርፍ ጋዜጦች የጠሩት ወዳጆቹ «አፍሪካዊው» እያሉ ባወጡለት ቅጽል ስም ነበር።

የእኔ ግን የውድድር ፈረስ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውኃ መሐንዲስ እጅ ስገዛው ሩብ ምዕት ዓመት አልፎት ነበር።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ በኢትዮጵያ ምድር መንዳት ከሁሉ አስቀድሞ የከፍታ ትምህርት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በርሊን ላይ 50 የነበረው የፈረስ ጉልበት እንጦጦ ግርጌ ወደ 38 ይወርዳል። ቤንዚኑና አየሩ ካልተመጣጠኑም ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ሞተሩም ሳል እንደ ያዘው ሰው ይንተፋተፋል።

የዚህን ነገር ምሥጢር የዓባይ በረሃ ይገልጠዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ተጓዡ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ይህን ሁሉ ከመስተዋት በስተጀርባ ሆኖ እንደ ሥዕል ያየዋል። በሞተር የሚሄድ ግን በቆዳው ይቀበለዋል። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ነበር፤ ጥቂት እንደ ወረዱ ጓንት ይወልቃል፤ ከዚያ የአንገት ቁልፍ ይፈታል፤ ድልድዩ ዘንድ ሲደርሱ ከድንጋዩ የሚመለሰው ወላፈን ፊትን ይገርፋል። መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ በሦስት መሥመር የሚከፍለው ትምህርት እዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ በገላ ይጻፋል። ሞተሩም ይለወጣል፤ አየሩ እየወፈረ ሲመጣ ድምፁ ይጠራል፣ የተሰወረው ጉልበት ይመለሳል።

በዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው ከፈረሰኛው በስተኋላ ያሉትን ሰዎች ማየት የጀመርሁት። ዳገቱን በጥቁር ጢስ ተውጠው የሚወጡት የጭነት መኪኖች አጠገብ ታኮ ተሸክመው በእግራቸው የሚከተሉ ረዳቶች አሉ። መኪናው ትንፋሽ አጥቶ ሲቆም ታኮውን ከጎማው ሥር የሚወሽቁት እነርሱ ናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራው እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጣምመዋል፤ በጋ ሲሆን አካፋና ዶማ ይዘው መንገዱን የሚያቃኑ ሠራተኞች ይወርዳሉ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይም ያለ ብዙ ሺሕ እጅ አልቆመም። እኔ በሁለት ደቂቃ የማልፈው ኩርባ የብዙ ሰው የሥራ ዘመን ነው።

በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በምሥራቅ ጎጃም ከዋናው ጎዳና በወጣች አንዲት የገጠር መንገድ ስጓዝ ዝናቡ ያረሰረሰው ዋልካ የፊቱን ጎማ ያዘውና ሞተሩ በጎኑ ተኛ። የወደቀን ትልቅ ሞተር ለማንሣት የታወቀ ዘዴ አለ፤ መሪውን ወደ አንድ ጎን አጥፎ፣ ጀርባን ሰጥቶ፣ በወገብ ሳይሆን በእግር ኃይል መግፋት ነው። የዚህኛው ሲሊንደሮች በጎን የወጡ በመሆናቸው በደረቅ መሬት ላይ ጨርሶ አይተኛም። ዋልካ ውስጥ ግን ሲሊንደሩ እንደ ማረሻ ሰርስሮ ገባ፤ እግሬም የሚረግጠው አጣ።

ከማሳቸው ዳር አራት ገበሬዎች ዝናቡን ሳይፈሩ መጡ። በዕድሜ የሚበልጡት «ልጄ፣ ተጎዳህ ወይ?» አሉኝ። «ደኅና ነኝ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኋቸው። አንደኛው መጫኛ አመጣ፤ ሁለቱ ከሥር ገቡ፤ በአንድ ድምፅ ተጠራርተው አነሡት። ጭቃውን በቅጠል ሲጠርጉልኝ ሽማግሌው ሲሊንደሩን በበትራቸው ነካ አድርገው «ይኸ ስንት በሬ ያወጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አስቤ እውነቱን ነገርኋቸው። «አሥር በሬ ያህል።»

«አምስት ጥማድ!» አሉና ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለውም «አምስት ጥማድ አርሶ ስንቱን ይመግባል፤ ይኸስ ማንን ይመግባል?» አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ ነገሩን ለማወቅ ነው የጠየቁኝ። እኔ መልሱን ስፈልግ እርሳቸው ቀደሙኝና «ቢሆንም የወደቀ ከብት ቆሞ አይታይም» ብለው ጭውውቱን ዘጉት። ገንዘብ ብዘረጋ እጃቸውን መለሱ። ይልቁንስ ከወረዳው ከተማ የምታስተምር ልጅ እንዳለቻቸው ነግረውኝ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎና «ለመስቀል እንድትመጣ» የሚል መልእክት አስያዙኝ። ቆሎውንም መልእክቱንም በዚያው ቀን አደረስሁ።

«ማንን ይመግባል?» የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ ይጓዛል። ከዚያ ወዲህ የጎን ሣጥኖቹ ባዶ ሆነው ከከተማ አልወጣሁም፤ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የዓይን መነጽር፣ ለሩቅ ዘመድ የተላከ መድኃኒት ይዘዋል። ይህ ለሽማግሌው ጥያቄ ሙሉ መልስ ነው አልልም። አንድ ጥማድ በሬ የሚያርሰውን ያህል ሞተሬ አላረሰም። ነገር ግን አንድ ሰው ለደስታው የያዘው ነገር ለሌላው ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ የተገባ መሆኑን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ጭቃ ላይ ተምሬአለሁ።

የጋራዡም ዓለም የራሱ ታሪክ አለው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፤ መካኒኮቻችን ከጧት እስከ ማታ የሚነጋገሩባቸው እነዚህ ቃላት ሁሉ የጣልያን ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ቃላቱ ግን በባለሙያ እጅ ውስጥ ገብተው አማርኛ ሆኑ፤ ልጆቻችንም ምንጫቸውን ሳይጠይቁ ይወርሷቸዋል። ጎማ የሚለጥፈውን «ጎሚስታ» ስንለው የባዕድ ቃል የተናገርን አይመስለንም።

የእኔን አሮጌ ሞተር በሕይወት ያቆዩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ጎማዎቹ የውስጥ ላስቲክ ያላቸው በመሆናቸው የብስክሌትና የጋሪ ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ ባለበት ከተማ ሁሉ ይጠገናሉ። የቫልቮቹ ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ፣ ለአየር ማስገቢያው 0.10፣ ለጢስ ማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ተደርጎ በመንገድ ዳር ይስተካከላል። የዚሁ ዘር የሆኑት ከእ.ኤ.አ. 2004 ወዲህ የተሠሩት ትልልቅ ሞተሮች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተሞሉ ናቸው፤ የበለጠ ጉልበትና የተሻለ ፍሬን አላቸው፤ ሕመማቸውን ለማወቅ ግን ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የአሮጌውን ዘመን ለማወደስ አይደለም የምሻው። ሆኖም አንድ መሣሪያ ለአንድ አገር ተስማሚ ነው የምንለው በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የአገሩ እጅ ሊፈታውና ሊገጥመው በመቻሉ ጭምር ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተሰበረብኝን የሣጥን መያዣ የበየደልኝ አንድ ወጣት፣ ከፋብሪካው ሥዕል ሳያይ የተሻለ አድርጎ ሠርቶታል።

ስለ ፍጥነት ደግሞ አንድ ነገር ማለት ይገባል። ሞተሩ፣ ሰውየውና ጭነቱ ሲደመሩ 300 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚወስደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በአገራችን ደግሞ መንገድ የተሽከርካሪ ብቻ አይደለም፤ የገበያተኛ፣ የተማሪ፣ የእረኛና የበግ መንጋ ጭምር ነው። ባለሞተር በራሱ አንገት የመፍረድ መብት አለኝ ቢል እንኳ በእረኛው ልጅ አንገት የመፍረድ መብት ከቶ የለውም። ነጻነት የሚባለው ነገር ወሰን እዚህ ላይ ይታያል።

ሌላው ወሰን ሰላም ነው። በ2010 ዓ.ም. ከደባርቅ ተነሥቼ ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ተራራውን አስቆፍረው በከፈቱት በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ለተጓዥ ተዘጋ። እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን በየአቅጣጫው ጥይት የተሰማባቸው መንገዶች አሉ። በእነዚያ ዓመታት ሞተሬ በግቢዬ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆመ። የቆመ ሞተር ከሞተ ሰው ጋር የሚነጻጸር ኀዘን አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ሸራውን ባየሁ ቁጥር የምጨነቀው ለብረቱ አልነበረም። ታኮ ተሸካሚው ረዳት፣ ጎሚስታው፣ ቆሎ የላኩት አባት ዛሬ እንዴት ዋሉ ብዬ ነበር። መንገድ የሰው ለሰው መገናኛ መሆኑ ጎልቶ የሚታየው በተዘጋ ጊዜ ነው።

የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ፈረሰኛውን ብዙ ዘምረውለታል፤ ሥለውታልም። ዛሬ በየመንገዱ ዳር የሚሠራው ታሪክ ግን ገና ሠዓሊና ደራሲ ይጠብቃል። ከመኪና ጎማ ሥር ታኮ ወሽቆ ቀና የሚለውን ረዳት የፊት ገጽ፣ በውኃ ገንዳ ውስጥ ላስቲክ እያገላበጠ የአየሩን አረፋ የሚሻውን የጎሚስታ ዓይን፣ ዝናብ ውስጥ ቆመው የማያውቁትን ሰው ሸክም የሚያነሡትን ገበሬዎች ድምፅ ለማየትና ለመስማት ትልቅ ሞተር መግዛት አያስፈልግም። ከመስተዋቱ በስተጀርባ ወጥቶ፣ ዝግ ብሎ መጓዝ ይበቃል።