ኬኩ ስንት ነው? ስፓይደርማኑስ?

በኛ ሰፈር የልደት ኬክ ማዘዝ የሚፈልግ ሰው ስልኩን ዘርግቶ ፎቶ ያሳየኛል፤ ከዚያ "ይሄ ስንት ነው?" ይለኛል። ከድንበሩ ማዶ ያለው ደንበኛ ደግሞ ፎቶውን በዋትስአፕ ይልክና ከሥሩ "ቤይ ጋኒ?" ብሎ ይጽፋል። በሁለቱም ቋንቋ ጥያቄው አንድ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል የኔም መልስ አንድ ነበር፤ ፎቶውን አየት አደርግና "ሁለት ሺህ ብር" እላለሁ። ሁለት ሺህ ያልኩበትን ምክንያት ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። በመጨረሻ የጠየቁኝ የእቁባችን ዳኛ ናቸው። እሳቸውም የጠየቁኝ ገንዘብ የጎደለኝ ቀን ነው።

ለማያውቁኝ ልናገር። የምኖረው ሞያሌ፣ በኢትዮጵያ በኩል ነው። ከተማችን አንድ ስም ይዛ ለሁለት አገር የተከፈለች ናት፤ አዲስ አበባም ናይሮቢም ከኛ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በወር ተኩል አንዴ ናይሮቢ ሄጄ ከኢስሊ የልጆች ልብስና ጫማ አመጣለሁ። እንጀራዬ ይህ ነው። ኬኩ የመጣው በኋላ ነው። ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት "ኬኬ ላይ ኤልሳ ካልቆመች" ብላ አለቀሰች። እኔ የማውቀው ኬክ ላዩ ላይ በክሬም ስም የሚጻፍበትን ነበር። ዩቲዩብ እያየሁ ሁለት ሌሊት አምሽቼ ሠራሁላት። ኤልሳ አንድ ዓይኗ ከፍ ያለ፣ አንገቷ የወፈረ ሆነች። ልጄ ግን አቅፋት ልትተኛ ፈለገች። በሳምንቱ ጎረቤቴ ለልጇ ስፓይደርማን አዘዘችኝ። እንዲህ ተጀመረ።

ኬክ ጋግሮ የማያውቅ ሰው ሥራው ምድጃው ላይ የሚያልቅ ይመስለዋል። ምስል ያለው ኬክ ግን ዋናው ሥራው ከምድጃው ሌላ ነው። ምስሉ የሚሠራው ፎንዳንት ከሚሉት የስኳር ሊጥ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ውድ ስለሆነ ራሴ ነኝ የማቦካው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጄላቲን በሩብ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ እዘፈዝፋለሁ፤ ሲያብጥ የፈላ ውሃ ላይ ደርቤ አቀልጠዋለሁ። ግማሽ ኩባያ ግሉኮስና አንድ የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪን እጨምርበትና ከአንድ ኪሎ አይሲንግ ስኳር ጋር አሸዋለሁ። እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይታሻል፤ ከዚያ በፌስታል ተጠቅልሎ ያድራል። ለምስሉ በሚሆነው ላይ ለሩብ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ የሚባል ነጭ ዱቄት እጨምራለሁ። ያለ እሱ ስፓይደርማን ቆሞ አያድርም፤ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ይተኛል።

እግርና ገላው አስቀድሞ ተሠርቶ ይደርቃል፣ ራሱ በማግሥቱ ይገባል። በአንገቱ ውስጥ የማስገባው ያልተቀቀለ ስፓጌቲ ነው። ስቴኪኒ የሚያደርጉ አሉ፤ ነገር ግን ልጅ መጀመሪያ የሚነክሰው ራሱን ነው። ምስሉ ፍሪጅ አይገባም፤ ሲወጣ ያልበውና ቀለሙ ይፈሳል። በደረቅ ጊዜ በሁለት ቀን የሚደርቀው በሚያዝያ ዝናብ አራት ቀን ይፈልጋል።

ጄላቲኑም የራሱ ጣጣ አለው። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ስለሆነ ሙስሊም ደንበኞቼ ሐላል መሆኑን ይጠይቃሉ፤ ማሸጊያውን አሳያቸዋለሁ። የጾም ኬክ ላዘዘ ደግሞ ሐላሉም አይሆንም፤ ከባሕር ሣር የሚሠራውን አጋር አጋር ነው የምጠቀመው። ሁለቱንም የማመጣው ከናይሮቢ ነው። ሁለት ዓይነት ሊጥ ማለት ሁለት ዓይነት ዕቃ ገዝቶ ማስቀመጥ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ግን ሁለት ሺህ ብሩ ውስጥ አስቤው አላውቅም ነበር።

እቁባችን እሑድ እሑድ ነው። 12 ሴቶች ነን፣ ሁላችንም ነጋዴ። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ 1,000 ብር ጎደለኝ። እቁብ ላይ መጉደል ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዳኛችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በሰው ፊት ምንም አላሉኝም። ቡናው አልቆ ሴቶቹ ሲወጡ ለብቻዬ አስቀሩኝና፣ "ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ካንቺ ቤት ኬክ ሲወጣ አያለሁ። ገንዘቡ የት ነው የሚገባው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የጎደለውን እሳቸው ሞሉልኝ። ወደ ቤት ስመለስ ያሳፈረኝ ብሩ ሳይሆን መልስ ማጣቴ ነበር። የአንድ ደርዘን የልጆች ካልሲ ትርፍ በሳንቲም የማውቅ ሴት የኬኬን ትርፍ አላውቅም።

የዚያን ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ደብተር አወጣሁ። የመጨረሻውን የስፓይደርማን ኬክ ከነዝርዝሩ ጻፍኩት። ለኬኩ ዱቄት፣ 10 እንቁላል፣ ስኳር፣ ቅቤና ወተት 780 ብር። ለስኳሩ ሊጥ አይሲንግ ስኳር፣ ጄላቲን፣ ግሉኮስ፣ ግሊሰሪንና ቀለም 420 ብር። ለካርቶን፣ ከሥር ለሚነጠፈው ሰሌዳ፣ ለጋዝና ለመብራት 250 ብር። ድምር 1,450። በ2,000 ሸጥኩት፣ 550 ተረፈኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ሰዓቱን መጻፍ ጀመርኩ። መጋገርና ክሬም 3 ሰዓት። ሊጡን አሽቶ ማልበስ አንድ ሰዓት ተኩል። ምስሉ ብቻ 6 ሰዓት። ማድረስና በስልክ መመላለስ ግማሽ ሰዓት። 11 ሰዓት ሆነ። 550ን ለ11 ሳካፍለው 50 ብር ለሰዓት። ዕቃዬን ከአውቶቡስ አውርዶ ቤት ለሚያደርስልኝ ልጅ ለግማሽ ሰዓት ሥራ 100 ብር ነው የምከፍለው።

ከዚያ የባሰውን አየሁ። 420 ብር ያልኩት ያለፈው ጉዞ ዋጋ ነበር። በቅርቡ ጉዞ ያንኑ ዕቃ ስገዛ ወደ ብር ተመልሶ 610 ሆኖብኛል። ስለዚህ ያንን ኬክ ዛሬ ደግሜ ልሥራው ብል ዕቃው 1,640 ብር ነው፤ የሚተርፈኝ 360፣ ለሰዓት 33 ብር እንኳ አይሞላም። የጎደለው 1,000 ብር የት እንደሄደ ገባኝ። አይሲንግ ስኳሩን የምገዛው በልብሱ ገንዘብ ነበር፤ የኬኩ ገንዘብ ደግሞ ተመልሶ ያንን ስኳር አይገዛም። በየቅዳሜው ልብሱ ኬኩን ይደጉም ነበር ማለት ነው።

ይህ አዲስ ትምህርት ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ልብሱን የምሸጠው በገዛሁበት ዋጋ አስቤ አይደለም። ጫማውን በ800 ብር ገዝቼው ዛሬ መልሼ ስገዛው 950 የሚሆን ከሆነ፣ ከ950 ተነስቼ ነው የምሸጠው። አለዚያ መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። ይህን ሕግ ድንበር የሚያቋርጥ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ኩሽና ስገባ ረሳሁት። ለምን? ቤቴ ስለሆነ ይመስለኛል። ኬክ ስሠራ "እጅሽ ይባረክ" ይሉኛል፤ ጫማ ስሸጥ እንዲህ የሚለኝ የለም። ምርቃቱን እንደ ክፍያ ቆጠርኩት። ሰዓቴን ደግሞ ገዝቼው ስላላመጣሁት ዕቃ አልመሰለኝም።

አሁን ዋጋ የማወጣው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ዛሬ መልሼ በምገዛበት ዋጋ እጽፋለሁ። ቀጥሎ ሰዓቱን በ90 ብር አባዛለሁ፤ 90 ያልኩት ያንን ሰዓት ሱቅ ብቀመጥ የሚተርፈኝን አስልቼ ነው። በመጨረሻ ለሚሰበረው አሥር በመቶ እጨምራለሁ፤ ምስል ይሰበራልና። ስፓይደርማኑ 1,640 ሲደመር 990፣ ከነአሥር በመቶው 2,893፣ ይኸውም 2,900 ብር ሆነ።

2,900 ማለት የሚከብዳት እናት ብዙ ናት። ስለዚህ አንድ ዋጋ ብቻ አልናገርም፤ ሦስት እሰጣለሁ። የቆመ ምስል 2,900። ጠፍጣፋ ምስል፣ ማለትም ሊጡን ዳምጬ ቆርጬ ኬኩ ላይ የማስተኛው፣ ከ6 ሰዓት ይልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅ 2,450። ሦስተኛው የስኳር ሊጥ የሌለው የክሬም ኬክ ነው፤ ልጁ ቤት ያለውን መጫወቻ አጥበን ላዩ ላይ እናቆማለን፣ 1,500። ብዙዎቹ ሦስተኛውን ይመርጣሉ። ልጆቹም ቅር ሲላቸው አላየሁም፤ መጫወቻቸው ኬክ ላይ ቆሞ ሲያዩት እንደ አዲስ ነው የሚያጨበጭቡለት። ለኔም ከሁሉ የቀለለኝ እሱ ነው። ግማሽ ክፍያ ሳልቀበል ግን የትኛውንም አልጀምርም።

የሄዱም አሉ። ለሁለት ልጆቿ ስሠራላት የኖርኩ አንዲት እናት ዋጋውን ሰምታ "ዱቄት ስንት ገባና ነው?" አለችኝ። ደብተሬን ላሳያት ፈለግኩ፤ አልጠበቀችኝም። እስካሁን አልተመለሰችም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ይህንን ደብቄ ሁሉም ተስተካከለ ብል ውሸት ነው።

ከዚያ እትዬ ራሳቸው መጡ። የልጅ ልጃቸው አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ልጁ በኬንያ በኩል ነው የሚኖረው፣ ትምህርቱም እዚያ ነው። ያማረው ፔፓ ፒግ ነው። እትዬ ስሙን እንጂ ነገሩን አያውቁም ነበር፤ ስልኬ ላይ ሳሳያቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "አሳማ? በኔ ቤት፣ በልደት ገበታ ላይ?" አሉ። ግማሽ ጎረቤታቸው ሙስሊም ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ደግሞ ስሙን እንኳ ሲጠሩ ይቀፋቸዋል። ፀሐይ መማር ትወዳለች የምትለዋን የኛን ቀጭኔ አሳየኋቸውና ወደዷት። ልጁ ፀሐይን አያውቃትም፤ ግን ሥዕሉን እንዳየ "ትዊጋ!" ብሎ ጮኸ። በስዋሂሊ ቀጭኔ ማለት ነው። በዚሁ ተስማማን።

ቀጭኔ ለስኳር ሊጥ ከባድ ነው፤ ያ ሁሉ አንገት ራስ መሸከም አለበት። የመጀመሪያዋ በሁለተኛው ሌሊት ከአንገቷ ተቆረጠች። ሁለተኛዋን በሦስት ስፓጌቲ አቁሜ፣ ከጣሳ ጋር አስደግፌ ሦስት ቀን አደረቅኋት። ዋጋውን ሳወጣ የምስሉን ሰዓት 7 ብዬ ነበር የያዝኩት፤ 3,000 ብር መጣ። የተሰበረችውን አሥር በመቶው ቻላት።

ብዙ ያሰብኩት ዋጋውን ለእትዬ ስለመንገር ነው። ገንዘብ ሲጎድለኝ የሞሉልኝ ሰው ናቸው፤ 1,000 ብሩን መልሻለሁ፣ ውለታው ግን አለ። ድሮ ቢሆን "እርስዎማ ሁለት ሺህ ይበቃል" እል ነበር፤ እሳቸውም ኬኩ ሁለት ሺህ የሚያወጣ ይመስላቸዋል፣ ለጎረቤትም ይህንኑ ይናገራሉ። አሁን ወረቀት ላይ ዕቃውን፣ ሰዓቱን፣ ድምሩን 3,000 ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ "ለልደቱ ከኔ ስጦታ 500" ብዬ ጨመርኩ። የሚከፈል 2,500።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። "7 ሰዓት ቀጭኔ ላይ?" አሉ። "አዎ እትዬ፣ የተሰበረችውን ሳልቆጥር" አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው የእቁቡ ደብተር ውስጥ አስገቡት፤ 2,500 ብሩንም ቆጥረው ሰጡኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ስጦታ ስሰጥ ሁልጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ። ሙሉውን ዋጋ እጽፋለሁ፣ የምሰጠውንም ለብቻው። ስንት እንደሰጠሁ እኔም አውቃለሁ፣ የተቀበለውም ያውቃል። በእጅ የሚሠራ ነገር የምትሸጡ፣ ጥልፍም ይሁን ሹሩባ ወይም ሂና፣ ሰዓታችሁን በስንት እንደምትቆጥሩት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ኬኩ በልደቱ ቀን አለቀ። ቀጭኔዋን ግን ልጁ አላስነካም፤ ደርቃ እትዬ ብፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ቆማለች። እንግዳ አይቷት "ስንት ተሠራ?" ሲል እትዬ "ሦስት ሺህ" ይላሉ። ስጦታውን አይቀንሱም።