ወጣቱን ማን ይያዘው?

በአሜሪካ ሞርሞኖች ከእ.ኤ.አ. 1913 ጀምሮ ወንዶች ልጆቻቸውን ከሃይማኖት ትምህርት ጎን በስካውት ኮትኩተዋል፤ ድንኳን መትከልን፣ ለተቸገረ መድረስን፣ ቃል ማክበርን አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከአሜሪካ ስካውት ቢለዩም ወጣቱን ሜዳ ላይ አልጣሉትም፤ የራሳቸውን መርሐ ግብር ተኩ።

በእኛ አገር ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስካውት ፈረሰ፤ በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው አኢወማ ወጣቱን ለሥርዓቱ አሰለፈው።

እኔ ቆቦ ሳድግ ስካውት አላየሁም። ያሳደገኝ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ መዝሙር አጠናን፣ ጧሪ ለሌላቸው እናቶች ማሽላ አጨድን። ከዚያ ለትምህርት ወጣሁ፤ ተተኪ ግን አላፈራሁም። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲገባ የታናናሾቼ ትምህርት ክላሽ መፍታትና መግጠም ሆነ።

ውድ አንባቢያን፣ ወጣት ባዶውን አይቀመጥም። እኛ ካልያዝነው ጠመንጃ ይይዘዋል።