ማዕድ ሲቀርብ የሚያብጥ መንጋጭላ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ምራቅ ነው። አትሳቁ! የምራቅ ዋጋ የሚታወቀው መንገዱ ሲዘጋ ነው። ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ጉርሻው በጉሮሯችን የሚወርደው፣ ስንጸልይና ስንዘምር ምላሳችን ከላንቃችን የማይጣበቀው በእርሱ ነው። ታዲያ ምራቁ በሚያልፍበት ቀጭን ቦይ ውስጥ ልክ እንደ ኩላሊት ጠጠር ሊሠራ ይችላል።

ይህን በራሴ መንጋጭላ ነው ያየሁት። በ2011 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን የጾም ጸሎት ሳምንት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳንቀምስ ቆይተን ማታ ስንፈታ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ በቀኝ በኩል ከመንጋጭላዬ ሥር የሎሚ ያህል እብጠት ጉብ አለብኝ። ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይወጋ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ረገበና ጠፋ። በማግስቱ ምግብ ሲቀርብ ግን ተመለሰ።

ባለቤቴ መጀመሪያ የመሰለው ሌላ ነገር ነው። እንግዳ በማይጠፋበት ቤታችን፣ ማዕድ ላይ ፊቴን አዙሬ ዝም ስል ጊዜ የተቀየምኩ መስሎት ማታ ለብቻችን ስንሆን «ምን በደልኩሽ?» አለኝ። ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ ማዕድ ስትሸሽ መጀመሪያ «ምን ያምሻል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወሬው እንደተሰማ መድኃኒቱ ከየቤቱ መጣ። አንዷ እህት «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ይዛልኝ መጣች። ሌላዋ «ጆሮ ደግፍ ነው» አለች። አንዲት እናት ደግሞ «ንፍፊት ነው» ብለው እርሳቸው የሚያውቁት ባለመድኃኒት ዘንድ ሊወስዱኝ ተነሡ። አንድ ወንድም በበኩሉ «ጸልየንልሻል እኮ፤ ሐኪም ጋ መሄድሽ አለማመን እንዳይሆን» አለኝ። ሁሉም በፍቅር የመጡ ናቸው። የዳማከሴውን ሽታ እስካሁን እወደዋለሁ። ምች ግን የምሳና የእራት ሰዓት እየጠበቀ አይመጣም።

ለወንድማችን ያስታወስኩት የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር ጸሎቱን እንደሰማና እንደሚፈውሰው ከነገረው በኋላ፣ በእባጩ ላይ በለስ እንዲደረግለት አዝዟል። ጸሎቱም ተሰማ፣ በለሱም ተለጠፈ። ወንድማችንም ፈገግ ብሎ «እንግዲህ ሂጂ» አለኝ።

የጥርስ ሐኪሙ አንድ ጣቱን ከምላሴ ሥር፣ ሌላውን እጁን ከአገጬ ሥር አድርጎ ሲዳስስ ጠጠሩን አገኘው። ኤክስሬይም ይህንኑ አሳየ። ከ10 የምራቅ ጠጠሮች 8 ያህሉ የሚገኙት ከመንጋጭላ ሥር ባለው ዕጢ በኩል ነው። የዚህ ዕጢ ምራቅ ወፍራምና ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ቦዩም ረጅም ሆኖ ሽቅብ ይወጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዋርተን በ1656 እ.ኤ.አ. ስለ ገለጸው ቦዩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ምግብ ስናይ፣ ስናሸትና ስናኝክ ምራቅ ይፈልቃል፤ መውጫው ከተዘጋ ግን ዕጢው ይነፋል። የሰዓቱ ምስጢር ይኸው ነው።

ሐኪሙ ጠጠሩ ትንሽ እንደሆነና ወደ መውጫው እንደቀረበ ነግሮኝ፣ ሁለት ሳምንት በቤት ውስጥ እንድሞክር ፈቀደልኝ። ውኃ በብዛት ጠጣሁ። በለብ ያለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በቀን ጥቂት ጊዜ እብጠቱ ላይ አሳርፍ ነበር። ከዚያም እጄን ታጥቤ ከመንጋጭላዬ ጥግ ጀምሬ ወደ አገጬ በቀስታ አሽ ነበር። ከምግብ በፊት ደግሞ ቁራጭ ሎሚ እመጥጥ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የምስር ክክ የምታህል ቢጫ ጠጠር ምላሴ ላይ አገኘሁ። ባለቤቴ በወረቀት ጠቅልሎ ሊያስቀምጣት ፈልጎ ነበር፤ እኔ ጣልኳት።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሎሚም አቼቶም ጠጠሩን አያሟሙትም። ሎሚ የሚሠራው ምራቅ መጥራት ነው፤ የተጠራው ምራቅ ጠጠሩን ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ቦዩ ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ ሎሚው ሕመሙን ያብሰዋል እንጂ አይረዳም፤ ያን ጊዜ ተዉት። ለጥርስም ጠላት ስለሆነ ከመጠጣችሁት በኋላ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ። ቅርንፉድ የጥርስ ሕመም ያደነዝዛል፤ ለጠጠር ግን ምንም አያደርግም። ጤና አዳም ቀቅሎ መጠጣትን እርጉዞች ከናካቴው ይተዉት። ጠጠሩ ታየኝ ብላችሁም በመርፌ ወይም በስንጥር አትነካኩት። ትልቅ ከሆነ ሐኪም ቦታውን አደንዝዞ ከአፍ ውስጥ ያወጣዋል። በውጭ አገር ደግሞ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በቦዩ አስገብተው የሚያወጡ ሐኪሞች አሉ።

ትኩሳት ካለ፣ መግል አፍ ውስጥ ከመጣ፣ ከምላስ ሥር ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ ሎሚ የምትቆርጡበት ጊዜ አይደለም፤ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ሂዱ። ከምግብ ጋር የማይመጣና የማይሄድ፣ ሳምንታት የሚቆይ እብጠትም ሌላ ነገር ነው። በአገራችን የአንገት ዕጢ ቲቢ ብዙ ሰው ይይዛል። ንፍፊት ነው ተብሎ ሲተኮስና ቅጠል ሲለጠፍበት ወራት ያልፋሉ፤ መድኃኒቱ ግን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

ጾምን በተመለከተ የሚጠይቁኝ እህቶች አሉ። ሰውነት ውኃ ሲያጣ ምራቅ ያንሳል፣ ይወፍራልም። እኔ ከዚያ ወዲህ የምጾመው ውኃ እየጠጣሁ ነው፤ ጸሎቴ ከጣሪያ በታች የቀረ አይመስለኝም። የደም ግፊትና የአለርጂ መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ አፍ ያደርቃሉ። ሐኪማችሁን አማክሩ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ።

ጠጠሩ ወጣ፤ መንጋጭላዬ ግን መታመሙን አልተወም። አሁን ሕመሙ የምግብ ሰዓት አይጠብቅም። ጠዋት ስነሣ ከጆሮዬ ፊት ለፊት ይጨመድደኛል፣ አፌን ስከፍት ቀጭ ይላል። ሐኪሙ ይህ ጠጠር ሳይሆን የመንጋጭላ መገጣጠሚያና የጡንቻዎቹ ድካም መሆኑን ነገረኝ። ሌሊት ጥርሴን እንደማፋጭ የመሰከረው ባለቤቴ ነው። ለዓመታት አይጥ መስሎኝ ነበር ይላል፤ አላመንኩትም።

ለዚህኛው ሎሚ አይረዳም፤ የሚረዳው ዕረፍት ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ማስቲካና ጥሬ ሥጋ ለጥቂት ሳምንታት ይቅሩ። ሽሮ፣ ፍትፍትና አጥሚት ምን አጠፉ? በፍቅር የምንጎራረሰው ያ ትልቅ ጉርሻም ይነስ፤ ፍቅሩ አይቀንስም። የሞቀ ጨርቅ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ጉንጭ ላይ ማድረግ ጡንቻውን ያላላል። ስታዛጉ አገጫችሁን በእጃችሁ ደግፉ። ቀን ቀን ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይነካካ። ጥርስ ለጥርስ መገናኘት ያለበት ለማኘክና ለመዋጥ ብቻ ነው። ለሌሊቱ የጥርስ ሐኪም የሚሠራው መከላከያ አለ። ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፤ ጨጓራ ያለበት ግን ይጠንቀቅ። ወጌሻ መንጋጭላችሁን በኃይል እንዲያዞር አትፍቀዱ። ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ቀላል እንክብካቤ ይሻለዋል።

ስትራመዱ የሚጀምር፣ ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር የሚመጣ የመንጋጭላ ሕመም ግን የልብ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰውም ሲያኝክ መንጋጭላው እየዛለ፣ አዲስ የራስ ምታት ሰሪሳራው ላይ ከያዘውና ዓይኑ ከደበዘዘበት ቀን አይቁጠር።

ስለ ጥርስ ማፋጨት አንድ ነገር ልጨምር። በቋንቋችን መከራን መቋቋምን «ጥርስን ነክሶ መቻል» እንላለን። የፓስተር ሚስት ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም። ሰው ቤቴ መጥቶ የትዳሩን ጉድ ይነግረኛል፣ ያለቅሳል፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ ይሄዳል። እሑድ ሁለቱንም ፈገግ ብዬ እቀበላቸዋለሁ። ቀን በአፌ የዘጋሁትን ሌሊት ጥርሴ ሲፈጨው ያድራል። ሐኪሙ «የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» ሲለኝ ምን ልበለው? የሰው ነው፣ የእኔ አይደለም።

እኔና ባለቤቴ መላ ያበጀነው በዚህ ላይ ነው። ስንተኛ ባለጉዳዮቹን ስማቸውን ሳንጠራ በጌታ እጅ እናስቀምጣለን። አንዳንድ ሌሊት ይሠራል፣ አንዳንድ ሌሊት አይሠራም። ጥርሴ ሲንቋቋ ከሰማ ጠዋት «ትናንት ማን መጥቶ ነበር?» ይለኛል። ማን እንደሆነ አልነግረውም። «ከባድ ነበር» እለዋለሁ፤ እርሱም ሻይ ሊያፈላ ይነሣል።