ማንኮራፋት ሁሉ የደኅና እንቅልፍ ምልክት አይደለም

በየቤታችን ሰው አንኮራፍቶ ሲተኛ ብንሰማ «እሰይ፥ እንቅልፍ ወሰደው» ብለን ደስ ይለናል። እኛም ስለ እናታችን እንዲሁ እንል ነበር።

እናታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጢስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት በእንጨትና በኩበት ሲጋግሩ ስለ ኖሩ፥ ሳንባቸው ተጐድቶ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የዘወትር ሕመም ሆነባቸው። ሌሊት ሲያንኮራፉ ግን ዕረፍት ያገኙ ይመስለን ነበር። ጧት ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ቡናው ሳይፈላም ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ሌሊት እየባነኑ ተቸገርሁ ባሉ ጊዜ፥ የጠቀምናቸው መስሎን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠናቸው። በዚያች ሌሊት ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ አለ። ደረታቸው ሲታገል እናያለን፤ ትንፋሽ ግን የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ታነቀ ሰው ቃትተው ተነፈሱ። እኛም ደንግጠን በነጋታው ወደ ሐኪም ወሰድናቸው።

ሐኪሙ እንዳስረዱን፥ ሰው ሁሉ ሲተኛ ትንፋሹ ይቀንሳል፤ የጕሮሮውም ሥጋ ይላላል። ሳንባው ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ ጕዳት የለውም። የቈየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግን በቀንም የሚያገኘው ኦክሲጅን ጥቂት ሊሆን ስለሚችል፥ በሌሊት፥ ይልቁንም በሕልም ጊዜ፥ የባሰ ይቀንስበታል። በዚህም ላይ ጕሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ደጋግሞ የሚቋረጥ እንደ ሆነ፥ ሁለት ሕመም ተደረበበት ማለት ነው፤ ልቡም ይደክማል። ለዚህ መደራረብ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. ስም ያወጡለት የኤዲንብራው ሐኪም ዴቪድ ፍሌንሊ ናቸው። የእንቅልፍ ኪኒንና የአልኮል መጠጥ ጕሮሮን የበለጠ ያላላሉ፤ የታፈነውም ሰው ቶሎ እንዳይነቃ ያደርጋሉ። ኦክሲጅንም ቢሆን ሐኪም ሳይለካው ከመጠን በላይ ቢሰጥ ሊጐዳ ይችላል።

መድኃኒቱ ግን አለ። ይኸውም በአፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭምብል አየር እየገፋ ጕሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ወንድማችን ከውጭ አገር እስኪያመጣው ድረስ፥ እናታችን ኪኒኑን ትተው በጐናቸው እየተኙ፥ እኛም ተራ እየገባን ትንፋሻቸውን ስናዳምጥ ሰነበትን። ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ነቅተው ያጫውቱናል።

ስለዚህ ሳንባው የታመመ ወላጅ ያላችሁ ሁሉ፥ ሌሊት ማንኮራፋቱን ብቻ ሳይሆን ጸጥታውንም አድምጡ፤ የሰማችሁትንም ሳትዘገዩ ለሐኪም ንገሩ።