እጅ የማይገባበት ደሴት

«ጋሼ፣ ባርኔጣዎን እንዳይረሱ» ብሎኝ ነበር ብሪዝበን የሚኖረው የእህቴ ልጅ። ለፀሐዩ መስሎኝ ነገሬም አላልኩት። ከግላድስተን ወደብ ሁለት ሰዓት ያህል በጀልባ ተንገላትተን ሄረን ደሴት ስንወርድ፣ አሥር እርምጃ ሳልራመድ ትከሻዬ ላይ ነጭ ነገር ጠብ አለ። ቀና ብል ዛፉ ሁሉ ጥቁር ወፍ ነው።

ሄረን በአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ ደቡባዊ ክፍል የምትገኝ፣ ርዝመቷ 800 ሜትር ያህል፣ ስፋቷ 300 ሜትር ገደማ የሆነ የኮራል አሸዋ ቁልል ናት። በድሮው ልኬት ግማሽ ጋሻ መሬት አትሞላም። ወሩ ጥር ነበር፤ እዚያ ሙቀቱ የሚበረታበት፣ ወፉም ኤሊውም የሚራባበት ጊዜ።

ጥቁሮቹን ወፎች ኖዲ ይሏቸዋል። ወንዱ የረገፈ ቅጠል በመንቁሩ አንሥቶ ለሴቷ ያቀርባል። ካልጣማት ትጥለዋለች፤ ምስኪኑ ሌላ ፍለጋ ይወርዳል። የተመረጠው ቅጠል በኩስ ተለጥፎ ጎጆ ይሆናል።

ጎጇቸውን የሚሠሩበት ፒሶኒያ የሚባለው ዛፍ ግን የዋህ አይደለም። ፍሬው እንደ ጭጎጎት ይይዛል፤ በዚያ ላይ ሙጫ አለው። ከመንገዱ ዳር አንዷ ኖዲ ክንፏ በፍሬ ተጠፍንጎ መሬት ላይ ትፍጨረጨራለች። ላላቅቃት ጎንበስ ስል አስጎብኚያችን፣ የልጄ እኩያ የምትሆን ወጣት፣ «እባክዎ ይተዉአት» አለችኝ። ወፏ ከሞተች አሸዋው ላይ ለቆመው ዛፍ ማዳበሪያ ትሆናለች። ከተረፈች ደግሞ ዘሩን ወደ ሌላ ደሴት ታደርሳለች። ነገሩ ገባኝ፤ እጄ ግን አልገባውም። የወደቀን ማንሣት ተምሮ ያደገ እጅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሸሸና የሪፉ ጀርባ ተገለጠ። ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውኃ ውስጥ፣ ከትከሻው በላይ ትልቅ ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ ክንድ ተኩል የማይሞላ ሻርክ አየሁ። አይዋኝም፤ በክንፎቹ እየረገጠ ይራመዳል! ኤፖሌት ሻርክ ይባላል። ውኃው ሲሸሽ በየኩሬው የሚቀረው ኦክስጅን ጥቂት ስለሆነ፣ በዚያች ጥቂት አየር ለሰዓታት መቆየት የሚችል ፍጡር ነው። እኔም ትንፋሼን ውጬ አሳለፍኩት።

ሲመሽ ሺርዎተር የሚባሉት የባሕር ወፎች ወደየጉድጓዳቸው ገቡና ያላዝኑ ጀመር። አንዱ ሲያወርድ ሌላው ይቀበላል። ለቅሶ ቤት የገባን መሰለኝ።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የባሕር ኤሊዋ ወጣች። መብራት አጥፍተን፣ ከኋላዋ አሸዋ ላይ ተኛን። ጥቂት ስባ ታርፋለች፤ ስታርፍ የምታወጣው ትንፋሽ ሸክም እንዳወረደ ሰው ነው። ቦታ መርጣ የኋላ እግሮቿን እያፈራረቀች፣ አሸዋውን እንደ ጭልፋ እየዛቀች፣ ጠባብ ጉድጓድ ቆፈረች። ከዚያ ነጫጭ እንቁላሎቿን ጣለች። በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ ትጥላለች፤ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ግን ከሺህ አንድ ያህሉ ብቻ ነው ይባላል። ዓይኗ ሲያነባ አይቼ ሆዴ ባባ። ትርፍ ጨው የምታስወጣበት መንገድ መሆኑን ልጅቷ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እዚሁ ደሴት ላይ የኤሊ ሾርባ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ነበር። እንዲህ ለመውለድ የወጣችን ኤሊ በጀርባዋ ገልብጦ መተው ይበቃል፤ መነሣት አትችልም። ፋብሪካው ተዘግቶ ቦታው የእንግዳ ማረፊያ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ ደሴቲቱ ብሔራዊ ፓርክ ተባለች። የዛሬው እንግዳ በዚያው አሸዋ ላይ፣ ኤሊዋ እንዳትደነግጥ ሳሉን ሳይቀር ያፍናል።

እጅ መሰብሰቡ ግን ብቻውን አልበቃም። የኤሊ ፆታ የሚወሰነው በአሸዋው ሙቀት ነው፤ ሲሞቅ ሴት ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሪፉ ሰሜናዊ ክፍል ከተፈለፈሉት ወጣት ኤሊዎች 99 በመቶ ገደማ ሴቶች ናቸው። ይህን ሙቀት ያመጣው የፋብሪካችንና የመኪናችን ጭስ እንጂ ደሴቱን የረገጠ ጎብኚ አይደለም። ኤሊዋን የማይነካው እጃችን ከሩቅ ሆኖ እንቁላሏን ያሞቃል።

በማግስቱ ወደ ጀልባው ስሄድ በኖዲዋ በኩል አለፍኩ። ቦታው ባዶ ነበር፤ በርራ ይሁን ሞታ አልጠየቅኩም።

ሄረን የምትሄዱ ካላችሁ ሰፊ ባርኔጣ ያዙ። የእህቴ ልጅ ልክ ነበር።