ፎልደሩን ሳይሆን ካሹን ላኩ

አዲስ አበባ ውስጥ ኖድ ጄኤስ መማር የጀመረ ልጅ የመጀመሪያ ፕሮጀክቱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከጓደኛው ፍላሽ ላይ ነው። ኮዱም፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች የታጨቁበት «ኖድ ሞጁልስ» የሚባለው ፎልደርም አንድ ላይ ይገለበጥለታል። እኛ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለነው ደግሞ ኤረር በመጣ ቁጥር ያንኑ ፎልደር እናጠፋና «ኤንፒኤም ኢንስቶል» እንላለን፤ ቡና ቀድተን ስንመለስ ሁሉም ወርዶ ይጠብቀናል። አገር ቤት ዳታ ገንዘብ ነው፣ እዚህ ግን ማንም አይቆጥረውም። ሁለቱም ልማድ የመጣው ከዚሁ ነው። ሁለቱንም አይቻለሁና የማምንበትን ልናገር፦ የአገር ቤቱ ልማድ መነሻው ትክክል ነው። አንዴ የወረደውን ለሌላው ማካፈል ጥሩ አሠራር ነው። መስተካከል ያለበት የሚካፈለው ነገር ነው።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የላፕቶፑን ስክሪን በስልኩ አንስቶታል፣ ከታች ደግሞ «ጋሼ፣ ፎርማት ላርገው?» ብሎ ጽፏል። ፕሮጀክቱን የገለበጠው የክፍል ጓደኛው ከሚሠራበት ዊንዶውስ ነው፤ የእሱ ላፕቶፕ ኡቡንቱ ነው። ሰርቨሩን ሊያስነሳ ሲል «ኢንቫሊድ ኢኤልኤፍ ሄደር» የሚል ኤረር ወጣ። ቫይረስ ነው ያሉትም ነበሩ። «ቆይ፣ ምንም እንዳትነካ፤ ከዚያ በላይ ያለውን መስመር አሳየኝ» አልኩት። የሁለተኛው ፎቶ መስመር የፋይሉን መንገድ ያሳያል፣ መሐሉ ላይ «ቢክሪፕት» የሚል ስም አለ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ከኤንፒኤም የሚወርዱት ፓኬጆች አብዛኞቹ ተራ የጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ናቸው፤ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ቢገለበጡ ምንም አይሆኑም። ጥቂቶቹ ግን በውስጣቸው በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፎ ለአንድ ዓይነት ማሽን የተዘጋጀ ፋይል ይዘዋል። የይለፍ ቃልን ሃሽ የሚያደርገው ቢክሪፕት ከእነዚህ አንዱ ነው። ሊኑክስ እንዲህ ያለውን ፋይል ሲከፍት መጀመሪያው ላይ የኢኤልኤፍን ምልክት ይፈልጋል፤ ያገኘው የዊንዶውስ ፋይል ከሆነ አልቀበልም ይላል። ልጁ የጻፈው ኮድ አንድም ችግር አልነበረበትም። «ኤንፒኤም ሪቢልድ ቢክሪፕት» ብሎ ለራሱ ማሽን የሚሆነውን ፋይል አስመጣና ሰርቨሩ ተነሳ። ላፕቶፑን ፎርማት ቢያደርገው ኖሮ ያንኑ ፎልደር መልሶ ይገለብጥና ያንኑ ኤረር ያገኝ ነበር።

ሁለቱም ማሽኖች ዊንዶውስ ሆነው እንኳ የኖድ ቨርዥናቸው ከተለያየ ተመሳሳይ ችግር ይመጣል። እንደ «ቤተር ኤስኪውላይት 3» ያሉ ፓኬጆች የተዘጋጁበትን የኖድ ቨርዥን በቁጥር ይይዛሉ፤ ለኖድ 18 ቁጥሩ 108 ነው፣ ለኖድ 20 ደግሞ 115። ኤረሩ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ የተሠራው ለዚያ ነው፣ አንተ ያለህ ግን ይህ ነው» ይላል። ካነበቡት ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልእክት የለም።

ታዲያ በፍላሽ ምን ይሂድ? ካሹ ይሂድ። ኤንፒኤም ያወረደውን ሁሉ እንደወረደ፣ ሳይፈታ፣ ለብቻው በሆነ ፎልደር ያስቀምጣል። «ኤንፒኤም ኮንፊግ ጌት ካሽ» ብትሉ ቦታውን ያሳያችኋል። ያንን ፎልደርና ፕሮጀክቱን ከ«ፓኬጅ ሎክ» ፋይሉ ጋር ገልብጡ፤ ኖድ ሞጁልስን ተዉት። ተቀባዩ ካሹን በራሱ የካሽ ቦታ ያስቀምጥና «ኤንፒኤም ሲአይ» ከ«ኦፍላይን» ምርጫው ጋር ይላል። ኤንፒኤም በሎክ ፋይሉ የተጻፈውን ቨርዥን አንድ በአንድ ከካሹ ያወጣል፣ ፋይሉ መጎዳት አለመጎዳቱንም ያጣራል። በፍላሽ መተላለፍ የተበላሸ ፋይል ካለ እዚሁ ይያዛል፤ የተገለበጠ ኖድ ሞጁልስ ላይ ግን ይህን የሚያጣራ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንደ ኢኤስቢልድ ያሉት ለእያንዳንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተለየ ፓኬጅ ስላላቸው፣ በዊንዶውስ የተሞላ ካሽ ውስጥ የሊኑክሱ አይኖርም። የድሮዎቹ የቢክሪፕት ቨርዥኖችም የተዘጋጀውን ፋይል የሚያመጡት ከኤንፒኤም ውጪ ስለሆነ ካሹ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ካሹን የምታዘጋጁበት ማሽን ከተቀባዩ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ እንደ ቢክሪፕት ላሉት ደግሞ ትንሽ ዳታ ይያዝ።

መብራት ሲጠፋ የሚመጣው ችግርም የዚሁ ዘመድ ነው። ኢንስቶሉ መሐል ላይ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ፎልደሩ ግማሹ ሞልቶ ግማሹ ባዶ ሊቀር ይችላል። በማግስቱ «ካኖት ፋይንድ ሞጁል» ሲል ልጁ ኮዱን መመርመር ይጀምራል፤ ሰዓታት ይሄዳሉ። «ኤንፒኤም ሲአይ» የቀረውን ፎልደር ራሱ አጥፍቶ ከመጀመሪያ ይጀምራል፣ ያን ቀን የወረደው ካሹ ውስጥ ስላለም ልጁ ለእሱ ድጋሚ ዳታ አይከፍልም።

ወደዚህ ልመለስ። እዚህ የሚያሳስበኝ ልማድ ከኖድ ሞጁልስ ጋር የሎክ ፋይሉንም አብሮ ማጥፋት ነው። ኤረሩ ይጠፋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኤንፒኤም ነፃነት ስላገኘ ለብዙ ፓኬጆች ያን ቀን የተገኘውን አዲስ ቨርዥን ያመጣል፤ ትናንት የተሞከረውና ዛሬ ሰርቨሩ ላይ የሚወጣው አንድ አይደሉም። ኢንተርኔት ስለረከሰ ብቻ ምክንያቱን ሳያውቁ ማለፍ ቀላል ሆኗል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች የሠራተኛው ግንኙነት ሁሉ በራሳቸው ሰርተፊኬት እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ኖድ ያንን ሰርተፊኬት ስለማያውቀው «ሰልፍ ሳይንድ» የሚል ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። ያኔ ከየቦታው የሚገለበጠው መፍትሔ «ስትሪክት ኤስኤስኤል ፎልስ» ነው። ይህ ማለት ኤንፒኤም ፓኬጁን ከማን እንደሚቀበል ማጣራቱን ይተው ማለት ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ መልሶ አይከፍተውም። ትክክለኛው መንገድ የድርጅቱን ሰርተፊኬት ፋይል ከአይቲ ክፍል ጠይቆ «ኖድ ኤክስትራ ሲኤ ሰርትስ» በሚባለው ቫሪያብል ለኖድ ማሳወቅ ነው። አገር ቤት አሮጌ ላፕቶፕ ላይም የሰርተፊኬት ኤረር ይመጣል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፦ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ቀኑ ወደ ኋላ ስለሄደ ሰርተፊኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። ቀኑን ማስተካከል ይበቃል።

ከእዚህ ወደ አገር ቤት ቢሄድ የምወደው ነገር የአጠያየቅ ሥርዓቱ ነው። እዚህ የሥራ ባልደረባህን ስትጠይቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተምህን፣ የኖድ ቨርዥንህን፣ ያዘዝከውን ትእዛዝና የወጣውን ጽሑፍ በሙሉ ትልካለህ። ከአገር ቤት የሚመጣልኝ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ፎቶ ነው። ኤንፒኤም ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚጽፈው የሎግ ፋይሉን ቦታ ነው፤ ምክንያቱ ከላይ ነው ያለው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፉትን ፓኬጆች ለማሽኑ የሚያዘጋጀው ኖድ-ጂፕ ፓይተን አጥቶ ሲቆም ለምሳሌ፣ «ፋይንድ ፓይተን» የሚለው መስመር ከብዙ ቀይ ጽሑፍ በላይ ተቀብሮ ይገኛል። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ መላክ ከፎቶ ያነሰ ዳታ ይበላል፣ እኔም ወደ ላይ ሄጄ ላነበው እችላለሁ።

የኮምፒውተር ላብራቶሪ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከዚህም የተሻለ ማድረግ ይችላሉ። ቬርዳቺዮ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ በአንድ ማሽን ላይ ተጭኖ፣ አንድ ተማሪ ያወረደውን ፓኬጅ ያስቀምጥና ቀጥሎ ለሚጠይቀው ሁሉ በውስጥ ኔትወርክ ይሰጣል። ለብዙ ተማሪዎች የሚወርደው አንዴ ነው፣ እያንዳንዱም ለራሱ ማሽን የሚሆነውን ያገኛል። ለበዓል ወደ አገር ቤት የምትሄዱና በሙያው ያላችሁ፣ ለምታውቁት ላብራቶሪ ግማሽ ቀን ሰጥታችሁ ይህን ብትተክሉላቸው ደስ ይለኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ተማሪዎቹ የትኛውን የኖድ ቨርዥን እንደሚጠቀሙ ጠይቁ፤ የዚያኑ ኢንስቶለር ለዊንዶውስም ለሊኑክስም በፍላሽ ያዙላቸው።